ህዋ ሦስት ዳይሜንሽን ብቻ እንዴት ኖረው?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቁስ ሁሉ ከእጅግ ጥቃቅን የሚርገበገቡ ክሮች (ስትሪንጎች) የተሠራ ነው በሚለው በስትሪንግ ንድፈ ሐሳብ የህዋ ዳይሜንሽኖች 9 ናቸው። ታዲያ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ብቻ ተለይተው የሰፉት እንዴት ነው?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
አብሽር ወንድሜ፣ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ብራንደንበርገርና ቫፋ በ1989 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት መላምት አለ። መጀመሪያ 9ኙም ጥቃቅን ቀለበቶች ነበሩ፤ የተጠመጠሙባቸው ስትሪንጎች እንደ መቀነት አስረው እንዳይሰፉ ይይዟቸዋል። በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመጠሙ ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፣ መቀነቱም ይፈታል። ቁም ነገሩ መገናኘታቸው ላይ ነው። ስትሪንግ በጊዜ ውስጥ ሲጓዝ ባለ 2 ዳይሜንሽን ገጽ ይሠራል፤ 2 ሲደመር 2፣ 4። ስለዚህ ሳይተላለፉ የሚገናኙት ቢበዛ 3 የህዋና 1 የጊዜ ዳይሜንሽን ባለበት ነው። የቦርከናን ድልድይ አስበው፦ መንገዱና ወንዙ በካርታ ላይ ይቋረጣሉ፤ ከፍታ ስላለ ግን አይነካኩም። እነሱ ቋሚ ናቸው፤ ስትሪንጎች ግን ስለሚንቀሳቀሱ በ3 የህዋ ዳይሜንሽንም ይገናኛሉ። ከዚያ በላይ ዳይሜንሽን ሲጨመር ግን መተላለፉ ይብሳል፤ ስለዚህ 3ቱ ብቻ ተፈተው ሰፉ፣ የቀሩት እንደታሰሩ ቀሩ ነው መላምቱ።

መልስ፣ ከወልዲያ፦
ግሩም ማብራሪያ ነው፤ ድክመቱም ይነገር እንጂ። ህዋው ሲሰፋ ስትሪንጎቹ ይራራቃሉ፣ ሳይጠፋፉም ሊቀሩ ይችላሉ። ያኔ 3 የግድ አይወጣም።

ሌላም መንገድ አለ፦ ሌሎች የፊዚክስ ሊቃውንት፣ አምብዮርን፣ ዩርኪየቪችና ሎል፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ቦታና ጊዜን በኮምፒውተር ከጥቃቅን ቁርጥራጮች ገጣጠሙ። በሰፊው ሲለካ ዳይሜንሽኑ ወደ 4፣ እጅግ በጠበበው ርቀት ግን ወደ 2 የተጠጋ ሆኖ ተገኘ።