በፖርቱጋል የዓሣ አጥማጆች መንገድ ያለ አስጎብኚ፦ አራት ቀን ይበቃናል?

ጥያቄ፤ ከ«ጀማሪ እግረኛ»

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔና ባለቤቴ በኤፕሪል መጨረሻ ወደ ፖርቱጋል ሄደን፣ በደቡብ ምዕራቡ የአትላንቲክ ዳርቻ የሚያልፈውን የዓሣ አጥማጆች መንገድ ያለ አስጎብኚ በእግራችን ለመጓዝ አስበናል። መንገዱ ከሲነስ በስተደቡብ ካለችው ከሳው ቶርፔስ ተነሥቶ እስከ ላጎስ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚረዝም አንብበናል። ያን ሁሉ ለመሸፈን ፈቃዱም ጉልበቱም ስለሌለን፣ ብዙ ሰው የሚመርጠውን ከፖርቶ ኮቮ እስከ ኦደሴይሽ ያለውን ክፍል ብቻ ይዘናል። በካርታ ላይ ሲታይ የአራት ቀን ጉዞ ነው፦ ወደ ቪላ ኖቫ ዴ ሚልፎንቴስ 20 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ወደ አልሞግራቭ 15፣ ወደ ዛምቡዤይራ ዶ ማር 22፣ በመጨረሻም ወደ ኦደሴይሽ 18 ያህል። በየሳምንቱ ቅዳሜ 15 ኪሎ ሜትር መራመድ ልማዳችን ስለሆነ ርቀቱ እኔን ብዙም አላስፈራኝም።

ከባለቤቴ ጋር ያልተስማማነው በአራት ቀን እንጨርሰው በሚለው ላይ ነው። እኔ ዕቃችንን በጀርባችን ተሸክመን በአራት ቀን ብንጨርሰው፣ የቀረውን ጊዜ ሊዝበን ላይ እናሳልፋለን ባይ ነኝ። እርሷ ደግሞ ሻንጣችን በመኪና ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ይሂድልን፣ ቀኑም ስድስት ይሁን ትላለች። በዚህ ላይ ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል ስታይ ራሷን ያዞራታል፤ በፎቶግራፍ ያየናቸው ገደሎችም በግልጽ አስፈርተዋታል። መንገዱን የሄደበት ሰው ካለ፣ የዚህ ጉዞ ፈተና በእርግጥ ምኑ ላይ እንደሆነ ቢያስረዳን እናመሰግናለን። ከባድ የተራራ ጫማ ያስፈልግ እንደሆነም ቢነግረን ደስ ይለናል።

መልስ፤ ከ«አሸዋ የፈተነው»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ በዚህ መንገድ ላይ ኪሎ ሜትር ብቻ ቆጥሮ የተነሣ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም የተሳሳትሁት በዚሁ ነው። መንገዱ ከፍታ የለውም ማለት ይቻላል፤ ወደ ትንንሽ ወንዞችና ወደ ባሕር ዳር ከመውረድና ከመውጣት በቀር አብዛኛው በገደሉ አናት ላይ ሜዳ ነው። ነገር ግን የገደሉ አናት ከጥንት ጀምሮ ነፋስ ያከማቸው አሸዋ ስለሆነ፣ ለሰዓታት የሚሄዱት እግር በሚውጥ ልል አሸዋ ላይ ነው። በደረቅ መሬት በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው እዚያ ሦስት ከሄደ ጎበዝ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን 20 ኪሎ ሜትር፣ ምሳና ዕረፍት ሲታከልበት፣ ሙሉ የቀን ብርሃን የሚበላ ጉዞ ነው። የለመዳችሁት የቅዳሜ 15 ኪሎ ሜትር ከዚህ ጋር አይነጻጸርም ብል ቅር አይበልዎ።

እኔ ዐሥራ ሁለት ኪሎ ግራም ተሸክሜ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የቆዳ ጫማ አድርጌ ተነሣሁ። አሸዋው በጫማው አፍ እየገባ ካልሲውንና ቆዳውን ሲፈጭ ውሎ፣ ሚልፎንቴስ ስገባ ሁለቱም ተረከዞቼ ውሃ ቋጥረው ነበር። ሁለተኛውን ቀን በታክሲ ሄድሁ። ከዚያ በኋላ የተማርሁት፣ ቀላልና ቶሎ የሚደርቅ የመሮጫ ጫማ አድርጎ፣ በላዩ ላይ አሸዋ እንዳይገባ ቁርጭምጭሚትን የሚያለብስ ጨርቅ ማሰር ከማንኛውም ውድ ጫማ እንደሚሻል ነው። ጫማው ግን ላዩ ወንፊት የመሰለ አይሁን፤ ደቃቁ አሸዋ በቀዳዳው ሰተት ብሎ ይገባልና። በየሁለት ሰዓቱ ቁጭ ብሎ ጫማ ማራገፍም ስንፍና አይደለም።

አሸዋውን ማለፊያ አንድ መላ አለ፤ የሚገኘው ከባሕሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን የፔሴጌይሮን ደሴትና ከፊት ለፊቷ ያለውን አሮጌ ምሽግ ካለፉ በኋላ፣ አይቫዶስና ማልያው የሚባሉት ረጃጅም የባሕር ዳርቻዎች ይመጣሉ። ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት ከደረሱ፣ ውሃው ለቆት የሄደው እርጥብ አሸዋ እንደ ተደለደለ መንገድ ጠንካራ ስለሆነ፣ ከላይ ካለው ልል አሸዋ ወርዶ በእርሱ ላይ መሄድ እግርን ያሳርፋል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን ባሕሩ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ርቆ ይሸሻል፤ በዚያ ዳርቻ ደግሞ በእነዚህ ቀናት ጉድለቱ በረፋዱ ላይ ይውላል፤ ለእግረኛ ከዚህ የተመቸ ሰዓት የለም። የጉዞ ቀን የመምረጥ ነፃነት ካላችሁ፣ ከአየር ትኬቱ ዋጋ ጋር የጨረቃንም አቆጣጠር ተመልከቱ። ይሁንና ጀርባው ገደል በሆነ ጠባብ የባሕር ዳር፣ ባሕሩ መሙላት ሲጀምር መግባት አደገኛ ነው፤ መውጫው ይዘጋል።

ስለ ቀኑ ከባለቤትዎ ጋር እስማማለሁ፤ ስድስት ቀን ግን አያስፈልግም። አምስት በቂ ነው፤ ትርፏን ቀን ሚልፎንቴስ ላይ ዕረፉባት፤ ወንዝም ባሕርም ያለባት ከተማ ናት።

መልስ፤ ከ«ከጠርዙ ራቅ»

ስለ ገደሉ ልጨምር፤ እኔም ራስ ከሚያዞራቸው ሰዎች አንዱ ነኝና ባለቤትዎን በደንብ እረዳቸዋለሁ። መንገዱን ጨርሼዋለሁ፤ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ግን እጄን ሰው ይዞኛል። አብዛኛው መንገድ ከጠርዙ ብዙ ሜትር ገባ ብሎ በቁጥቋጦ መካከል የሚሄድ ስለሆነ፣ ፎቶግራፎቹ የሚያሳዩትን ያህል አያስፈራም፤ ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚቆመው ጠርዝ ላይ ነው። የሚከብደው፣ ቀጭኑ መንገድ ወደ ጠርዙ ተጠግቶ በአንድ በኩል ባዶ የሚሆንበት አጭር አጭር ቦታ ነው፤ ይህም በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ይበዛል። ባለቤትዎ በውስጠኛው በኩል ይሂዱ፣ የመራመጃ ምርኩዝም በባሕሩ በኩል ይያዙ፤ ዓይናቸውንም ከፊታቸው ካለው ሰው ተረከዝ ላይ ያሳርፉ። በጣም ከከበዳቸው ደግሞ በብዙው ቦታ ጥቂት ወደ መሬቱ ገባ ያለ የመኪና አፈር መንገድ ስላለ፣ በእርሱ ዞረው መቀላቀል ይችላሉ።

ከፍርሃቱ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው፣ የማይፈራው ሰው ነው። ከታች ያለው ዐለት ጥቁርና የተጣጠፈ፣ ጠንካራ ነው፤ በላዩ ያለው ግን የተጋገረ አሸዋ ነው። ባሕሩና ዝናቡ ከሥሩ እየበሉት፣ ከላይ ሲያዩት ድፍን የሚመስለው ጠርዝ ከታች ባዶ ሊሆን ይችላል። ሌላው ወጥመድ የመንገዱ ስም ራሱ ነው። ይህ መንገድ በስሙ የተጠራው፣ የአካባቢው ሰዎች ከገደል ላይ መንጠቆ ለመጣልና ከዐለቱ ላይ ፔርሴብሽ የሚባለውን የባሕር ምግብ ለመልቀም የሚመላለሱበት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ከዋናው መንገድ ወደ ባሕሩ የሚታጠፉ፣ በገመድ ጭምር የሚወረድባቸው የእግር ዱካዎች ብዙ ናቸው። የእነርሱ ዱካ ለእኛ አይደለም። አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም ትይዩ ሆኖ የተቀባበትን ምልክት ብቻ ይከተሉ፤ ሁለቱ ቀለሞች ተጣጥፈው መስቀል ከሠሩ፣ ተሳስተዋል ማለት ነውና ይመለሱ። ነጭና ቀይ ምልክት ካዩ ደግሞ ከባሕሩ ርቆ በገጠሩ ውስጥ የሚሄደው የታሪካዊው መንገድ ነው፤ ሁለቱ አንዳንድ ቦታ ስለሚገናኙ ሰው ያደናግራል።

ይህን ሁሉ ብዬ ሳበቃ ግን ባለቤትዎን ስለ ሦስተኛው ቀን ቢያጓጓቸው ደስ ይለኛል። ከአልሞግራቭ ወደ ዛምቡዤይራ ሲሄዱ ካቦ ሳርዳው የሚባለውን ርእሰ ምድር ያገኛሉ። ከዋናው ምድር ተገንጥለው ባሕር ውስጥ በቆሙት የዐለት ዓምዶች ራስ ላይ ሽመላዎች ጎጆ ይሠራሉ። ሽመላ በጣሪያና በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ጎጆውን ሲሠራ ማየት በፖርቱጋል የተለመደ ነው፤ ማዕበል ከሥሩ በሚፈነዳበት ዐለት ላይ የሚራባበት ግን ከዚህ ሌላ ስፍራ እንደሌለ ይነገራል። በኤፕሪል መጨረሻ ጎጆው ውስጥ ጫጩት ሊኖር ይችላል። እኔ ፍርሃቴን ረስቼ ግማሽ ሰዓት የተቀመጥሁበት ቦታ እዚያ ብቻ ነው። በአቅራቢያው ካቫሌይሮ የምትባል መንደር ስላለች ውሃና ቡና የሚገኘውም በእርሷ ነው።

መልስ፤ ከ«ሰሜን ነፋስ»

ከላይ የተባለውን ሁሉ እየተቀበልሁ፣ በሻንጣው ጉዳይ ላይ ግን ለጠያቂው ወግኜ ልከራከር። ሻንጣ በመኪና ማስላክ የሚመች ነገር ነው፤ አገልግሎቱም በመንገዱ ሁሉ ይገኛል። ግን ሻንጣው የሄደበት ማረፊያ ስለሚጠብቅዎ፣ ደክሞዎት በመካከል ልደር ቢሉ አይቻልም። ከዚህ ይልቅ ዕቃውን መቀነስ ይሻላል፤ ለሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ለዝናብ ልብስና ለመድኃኒት የሚሆን ስድስት ኪሎ ግራም ያህል ቦርሳ አሸዋ ላይ ብዙ አይከብድም። ከባዱ ውሃው ነው፤ በመንደሮቹ መካከል አስተማማኝ ምንጭ ስለሌለ በሰው ከሁለት ሊትር በታች አይያዙ። ጥላም የለም። ለዚህ ነው በጁላይና በኦገስት መሄድ የማይመከረው፤ ኤፕሪልን መምረጣችሁ ጥሩ ነው።

የምትሄዱትም ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን። በዚያ ዳርቻ አዘውትሮ የሚነፍሰው የሰሜን ነፋስ ከጀርባ ይገፋችኋል፤ ከፊት ሲመጣ ግን አሸዋውን ዓይን ውስጥ ይሞጅረዋል። እርግጥ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትሆናለች፤ ባርኔጣ ይበቃታል።

መንገዱ የሚያልፍበት ምድር ከ1995 ጀምሮ የተፈጥሮ ፓርክ ስለሆነ በድንኳን በየሜዳው ማደር ክልክል ነው፤ እሳት ማንደድም እንዲሁ። አልሞግራቭ ትንሽ መንደር በመሆኗ በጸደይ ማረፊያዋ ቶሎ ይሞላል፤ ከሁሉ በፊት የእርሷን ክፍል ያዙ፤ ሌላውን በእርሷ ዙሪያ አደራጁት። አደጋ ቢደርስ የሚደወለው 112 ነው። ስለ መዋኘት ማንም አላነሣም፤ ውሃው ቀዝቃዛ፣ ወደ ውስጥ የሚስበው ወራጅ ደግሞ ብርቱ ነው። የነፍስ አድን ጠባቂዎች የሚቆሙት በበጋ ስለሆነ፣ በኤፕሪል ከጉልበት በላይ ባትገቡ እመርጣለሁ።

የመጨረሻው ቀን ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከገደሉ ላይ የኦደሴይሽን የባሕር ዳርቻ፣ ወንዙ በአሸዋው ዙሪያ ተጠምዞ ወደ ባሕር ሲገባ፣ ስታዩ ደረስን ትላላችሁ። መንደሩ ግን ከባሕሩ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ነው ያለው። እግር የሚከዳው ይህቺን ሳያውቁ ሲቀሩ ነው።

ከ«ጀማሪ እግረኛ»

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት፣ ስለ አሸዋው ስደርስ «አላልሁህም?» በሚል ዓይን አየችኝ። በአምስት ቀን ተስማምተናል፤ ሻንጣውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ብቻ በመኪና ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የማያስፈልገንን ወደ ኦደሴይሽ አስቀድመን እናስልካለን። ቀኑንም ከሙሉ ጨረቃ ጋር ለማገናኘት በሦስት ቀን ገፋነው። አንድ የቀረኝ ጥያቄ ከሚልፎንቴስ ስንወጣ የሚራን ወንዝ ስለ መሻገር ነው። አንዳንዱ በጀልባ ይላል፣ አንዳንዱ በድልድይ፤ የትኛው ነው የሚሻለው?

መልስ፤ ከ«አሸዋ የፈተነው»

ሁለቱም ትክክል ነው። ጀልባዋ ትንሽ ናት፤ ከከተማው ወደብ ተነሥታ በወንዙ ማዶ ፉርናስ በሚባለው የባሕር ዳር ታወርዳችኋለች፤ በድልድዩ በኩል ያለውን ዙሪያ ጥምጥም ጥቂት ኪሎ ሜትር ታስቀራለች። ነገር ግን የምትሠራው እንደ ወቅቱና እንደ ባሕሩ ጠባይ ነው፤ ነፋስ ካለ ላትነሣ ትችላለች። ስለዚህ በዋዜማው ማታ ያረፋችሁበት ቤት ባለቤት ደውሎ እንዲጠይቅላችሁ አድርጉ፤ ጠዋት ወደቡ ላይ ቆማችሁ አትጠብቁ። ከሌለች በድልድዩ ሂዱ፤ ቀኑ 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ችግር የለውም፤ ከድልድዩ ላይ ከተማዋና የወንዙ አፍ አብረው ይታያሉ። ተረከዜ ቆስሎ በታክሲ ያለፍሁት በዚያ ላይ ነበር፤ በመስኮት ነው ያየሁት።