ተፈናጣጭ የሚመቸው ሞተር የቱ ነው? ድሬዳዋና ሐረር ለሚነዳ

ከዚራ 150፦ ክርክሩን ልክፈት። አንድ ሰው ሞተር ሊገዛ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ከኋላው ሰው ይፈናጠጣል፤ በአዘቦቱ ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ቀፊራ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር። እጁ ላይ ያሉት ሦስት አማራጮች ቦክሰር 150፣ አፓቺ 180 እና ረጅሙ የገጠር ሞተር፣ ማለትም ሆንዳ ኤክስ አር 150 ናቸው። እኔ ቦክሰር እላለሁ። መቀመጫው ረጅምና ወጥ ነው፤ ነጂውም ተፈናጣጩም አንድ ከፍታ ላይ ይቀመጣሉ። የተፈናጣጩ የእግር መርገጫ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበት ብዙ አይታጠፍም። አፓቺው ላይ የኋላው ሰው ከነጂው ከፍ ይላል፣ መርገጫውም ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ ቀፊራ ሳይደርስ ጉልበቱ ይዝላል። ሰው ሲሲ እያየ ይገዛል፣ ከኋላ የሚቀመጠው ደግሞ ዋጋውን ይከፍላል። የማትስማሙ ምክንያታችሁን አምጡ።

የጁገል ልጅ፦ በመቀመጫው እስማማለሁ፣ በመንገዱ ግን አልስማማም። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ነች፤ ደንገጎን አልፈህ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ሜትር ላይ ነህ። ካርቡራተር ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ቦክሰሩ 144.8 ሲሲ፣ 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ሁለት ሰው ጭኖ ጠመዝማዛው ላይ ከኋላ የጫት መኪና ጥሩምባ እየነፋ ሲመጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ታስሮ መቅረት ለተፈናጣጩ ምቾት ሳይሆን ጭንቀት ነው። አፓቺው 177.4 ሲሲ ስለሆነ በሦስተኛ ይወጣዋል። ፊቱም የዲስክ ፍሬን ነው፤ ቦክሰሩ ግን በብዛት ፊትም ኋላም ታምቡር ነው። ስትመለስ ያን ሁሉ ቁልቁለት በምን ልትይዘው ነው?

ዳዶ ፈቺ፦ የፍሬኑ ጉዳይ ትክክል ነው፣ መፍትሔው ግን አፓቺ መግዛት አይደለም። ታምቡር የሚከዳው ያለማቋረጥ ሲረገጥ ነው። የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ታምቡሩ በሙቀት ይሰፋል፣ የፍሬኑ መርገጫ ወደ ታች ይገባል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አስገብተህ ነዳጅ መስጠቱን አቁም፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝሃል። ፍሬን ከጠመዝማዛው በፊት ረገጥ አድርጎ መልቀቅ ብቻ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ፎሌ አድርገው (ማርሽ አውጥተው) ወይም ሞተር አጥፍተው ከደንገጎ የሚለቁት ናቸው ሸራ የሚያቃጥሉት።

አሮጌው የያማሃ ዲቲ 125 ላይ ግን ይሄ ምክር አይሠራም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው፤ የዘይት ፓምፑ ከነዳጅ መስጫው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነዳጅ ዘግተህ ረጅም ቁልቁለት ስትወርድ ፒስተኑ ዘይት ያንሰዋል። በየጥቂት ሰከንዱ ትንሽ ነዳጅ መስጠት ግድ ነው። ለሁለት ሰው ዲቲ የሚያስብ ይሄን ቀድሞ ይወቅ።

ከዚራ 150፦ ስለ ኤክስ አር 150ስ ማን ይከራከርለታል? የሾኩ ጉዞ ረጅም ነው፣ የደቻቱን ወንዝ አሸዋና ድንጋይ ይውጣል ይባላል።

ዳዶ ፈቺ፦ ይውጣል። ግን መቀመጫው ከመሬት 82.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ጠባብም ነው። ተፈናጣጭ ሲወጣ የነጂው ሁለት እግር መሬት ካልያዘ ሞተሩ ይወድቃል፤ አጭር ነጂና ከባድ ተፈናጣጭ ከሆኑማ በየማቆሚያው ጣጣ ነው። አንዳንዶቹ የቆዩ የገጠር ሞተሮች ላይ ደግሞ የተፈናጣጩ መርገጫ የተሰካው ሻሲው ላይ ሳይሆን የኋላውን ጎማ በያዘው ሹካ ላይ ነው። ጎማው ሲዘል እግሩ አብሮ ይዘላል። ኮብልስቶን ላይ አሥር ደቂቃ ብትሄድ ከኋላ ያለው ሰው እግሩን የት እንደሚያኖር ያጣል። ልትገዛ ስትሄድ የኋላውን ጫፍ በእጅህ ተጫንና እይ፤ መርገጫው ከመቀመጫው ጋር አብሮ ከወረደ ደህና ነው፣ ከጎማው ጋር ቆሞ ከቀረ ተወው።

ድሪያ ለባሿ፦ እናንተ ስለ ማርሽ ስትከራከሩ ከኋላ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ረሳችሁት። ድሬም ሐረርም ከኋላ ከሚፈናጠጡት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ድሪያ፣ ጅልባብ፣ ረጅም ቀሚስ የለበሱ። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ወደ ጎን መቀመጥ የሚቻልበት ሞተር የቱ ነው የሚል ነው። የሕንድ ሞተሮች በግራ በኩል የልብስ መከላከያ ፍርግርግና ሰፊ መርገጫ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ሳሪ ለለበሰች ሴት ተብሎ። እዚህ ሲደርስ ግን "ያስቀይመዋል" እያሉ ይፈቱታል። ቀሚስ ራጂ (የጎማው ሽቦ) ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ፍርግርጉ ያልተፈታበትን ቦክሰር መግዛት ማንኛውንም የሲሲ ክርክር ያስንቃል።

የጁገል ልጅ፦ እህቴ፣ ፍርግርጉ ይቅር የሚል የለም። ወደ ጎን መቀመጡ ግን እዚህ አገር አይሠራም፤ ምክንያቱ ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። ሕንድ በግራ ይነዳል። ግራው የእግረኛ ጠርዝ ነው፤ የሴቲቱ እግር ወደ ጠርዙ ይንጠለጠላል። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው። ያው ሞተር እዚህ ሲመጣ ግራው ከፊት የሚመጣው መኪና የሚያልፍበት ጎን ይሆናል። ጉልበቷ ወደ አይሱዙ ነው የሚዞረው። ስትወርድም መሐል መንገድ ላይ ነው የምትወርደው። በቀኝ እንዳትቀመጥ ማርሚታው (የጭስ መውጫው) እዚያ ነው፤ ባት ያቃጥላል፣ ለሁለት እግር የሚሆን መርገጫም የለም። ጁገል ውስጥ ደግሞ በጠባቡ መንገድ ግንቡ ራሱ ጉልበት ይመታል።

ድሪያ ለባሿ፦ የመንገዱን ጎን ነገር እቀበላለሁ። ሚዛን ያዛባል ተብሎ የሚነገረውን ግን አልቀበልም።

ዳዶ ፈቺ፦ ልክ ነሽ፣ ሚዛኑ የሚጋነን ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ወደ ጎን ስትቀመጥ ክብደቷ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ ቢሄድ፣ ሞተሩና ሁለቱ ሰዎች በድምሩ 250 ኪሎ ቢሆኑ፣ የጠቅላላው ክብደት መሐል የሚሸሸው 2.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ነጂው ትንሽ ወደ ቀኝ ያጋድልና ይሄዳል። አደጋው ፍሬን ሲያዝ ነው። በሁለት ጎን አንፈራጦ የተቀመጠ ሰው በጉልበቱ መቀመጫውንና ነጂውን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። ወደ ጎን የተቀመጠች ግን የምትይዝበት ነገር የላትም፤ ድንገት ሲቆም ወደ ፊት ትንሸራተትና በግራ በኩል ትወርዳለች። ልጅ ከታቀፈች አንድ እጇም ተይዟል።

የሚያዋጣው ይሄ ነው፦ ከድሪያው ሥር ሱሪ፣ የቀሚሱን ጫፍ ሰብስቦ ከጭን ሥር መጎተት፣ የሻሹን ጫፍ ከኋላ እንዳይንጠለጠል ማስገባት፣ ካቴናው ሙሉ ሽፋን ያለው ሞተር መምረጥ። ማርሚታው ላይ ያለው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ቡሎኑ ጠፍቶ ከሆነ ከመግዛትህ በፊት ይተካልህ በል።

ድሪያ ለባሿ፦ እግር ማንሳት ለማትችል እናትስ? ጉልበቷን ለሚያማት አሮጊት? ለእሷ ስኩተር ነው የሚሻለው። ዝቅ ያለ ነው፣ ካቴና የለውም፣ ጎማው የተሸፈነ ነው።

የጁገል ልጅ፦ ከከዚራ እስከ ለገሃር ለጥ ባለው አስፋልት አዎ። ሐረር ላይ ግን የስኩተሩ ትንሽ ጎማ በኮብልስቶን መሐል ይገባል፤ 17 ኢንች ያለው ሞተር የሚያልፈውን ጉድጓድ 10 ኢንቹ ሄዶ ይመታዋል፣ ድንጋጤውም በሙሉ የኋላው ሰው ወገብ ላይ ነው። ዳገት ላይ ሁለት ሰው ሲጭን ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱ ዝቅ ሲል ፍሪሲዮኑ ራሱ ይለቅና ሞተሩ መያዙን ያቆማል፤ ቀሪው ሁሉ በፍሬን ነው። ለእናቲቱ ከተማ ውስጥ ስኩተር፣ ለሐረር ጉዞ ታክሲ።

ቮልት 72፦ ኤሌክትሪኩን ማንም አላነሳውም። ቤንዚን ተሰልፎ ለሚውል ሰው ድሬ ሜዳ ነች፣ ለሁለት ሰው በቂ ነው። ሰውነት የሚነቀንቅ ንዝረት የለም፣ የሚያቃጥል ማርሚታ የለም። ከተፈናጣጭ ምቾት አንጻር ካወራን አንደኛ ነው።

ከዚራ 150፦ ደንገጎን ይወጣል?

ቮልት 72፦ ሒሳቡን ልንገርህ። ሞተሩ ከሁለት ሰው ጋር 265 ኪሎ ቢሆን፣ 800 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ 0.58 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። የሞተሩንና የጎማውን ብክነት ስትጨምር ወደ 0.9 ይጠጋል። 72 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሲሞላ 1.44 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ሊቲየም ከሆነ ከላይ ትደርሳለህ፣ ሐረር ለመድረስ ግን ጠባብ ነው። የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ያን ሁሉ አይሰጥህም፤ በዚያ ላይ ስድስቱ ባትሪ ብቻውን 40 ኪሎ ገደማ ነው። ጎማ ውስጥ የተገጠመው ሞተርም በዝግታ ረጅም ዳገት ሲወጣ አየር ስለማያገኝ ይግላል። ስለዚህ ለከተማ አዎ፣ ለደንገጎ አልመክርም።

ከዚራ 150፦ ይሄ ግልጽ ነው። አሁን ወደ ክብደት እንምጣ፤ እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም ብለን ያለፍነው ነገር አለ። ከ125 እስከ 180 ሲሲ ያሉት የሕንድ ሞተሮች መመሪያ ላይ ከፍተኛው ጭነት 130 ኪሎ አካባቢ ተብሎ የተጻፈባቸው ብዙ ናቸው። ሁለት ባለ 70 ኪሎ ሰዎች 140 ናቸው፣ ጫቱና ዘንቢሉ ሳይቆጠር።

ዳዶ ፈቺ፦ ለዚህ ነው ማስተካከያ ሳያደርጉ ሞተሩን የሚያሙት። የኋላው ሾክ ሥር አምስት ደረጃ ያለው ቀለበት አለ። ከሱቅ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ለስላሳው ላይ ነው። ለሁለት ሰው አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ አዙረው፣ ግራና ቀኙ እኩል ደረጃ ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ሦስት ሌላው አምስት ከሆነ ሞተሩ ይጣመማል። የጎማ ነፋስ ብዙ የባጃጅ ሞተሮች ላይ በፒ ኤስ አይ ፊት 25፣ ኋላ ለብቻ 28፣ ለሁለት 32 ነው። ጎማው ሳይግል ጠዋት ለካ። ድሬ ላይ እኩለ ቀን ጎሚስታ ጋ ሄደህ 36 አነበበ ብለህ ነፋስ ብታወጣ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኘዋለህ፤ ካላማዳሪው (የውስጥ ጎማው) በቸርኬው ጠርዝ የሚቆረጠው ያኔ ነው።

የሚበላሸው ግን ሰዎች "ሞላ እናጠንክር" ብለው ሞላውን በሌላ ሲቀይሩት ነው። ሞላው ሲጠነክር በሾኩ ውስጥ ያለው ዘይት የድሮውን ሞላ ለመያዝ የተሠራ ስለሆነ ጉድጓድ ካለፉ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ያዘልላል። ተፈናጣጩን የሚያሳምመው ይሄ መዝለል ነው።

የጁገል ልጅ፦ ታፔሴሪያ ቤት የሚሠራውንስ? ለኋላው ሰው ተብሎ ለስላሳ ስፖንጅ ይጨመርበታል።

ዳዶ ፈቺ፦ ለስላሳው ለአንድ ሳምንት ነው የሚመቸው። ከዚያ ይሰምጥና አጥንቱ የመቀመጫውን ቆርቆሮ ይነካል። ከሥር ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ለስላሳ በቂ ነው። ወደ ፊት እንዳያዘነብል ተጠንቀቅ፤ ካዘነበለ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ተፈናጣጩ ነጂው ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ለሁለት አዋቂ ከሰልባቲዮው (ከቤንዚን ታንኩ) ጀምሮ ቢያንስ 65 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይኑረው። ከመቀመጫው እስከ ኋላው መርገጫ ደግሞ ከ40 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ለረጅም ሰው አይሆንም። ጥቁር ላስቲክ ልባስ በድሬ ፀሐይ ያቃጥላል፤ የጨርቅ ሽፋን አድርግበት።

ከዚራ 150፦ መቀመጫው ካጠረስ ወደ ኋላ ማስረዘም፣ ፖርቶ መጋላ (ዕቃ መጫኛ) ማስበየድ?

ዳዶ ፈቺ፦ እሱን በፍጹም አልደግፍም። ቦክሰሩ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 128.5 ሳንቲ ሜትር ነው። 70 ኪሎ ሰው ከኋላው ጎማ መሐል 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ካለፈ ከፊት ጎማ ላይ ወደ 11 ኪሎ ያነሳል። ዳገት ላይ መሪው ይቀልላል፣ ጠመዝማዛው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የፊት ፍሬኑም የሚይዘው መሬት ያጣል። ተፈናጣጩ ከኋላ ጎማ መሐል ፊት ይቀመጥ፤ ለዚህ ቦታ የሌለው ሞተር ለሁለት ሰው የሚሆን ሞተር አይደለም።

የጁገል ልጅ፦ በዚህ ሚዛን ከሄድን አፓቺዬን ለብቻ ነጂ እተወዋለሁ። ግን ቦክሰር ሲገዛ ፊቱ ዲስክ ያለው ከተገኘ እሱ ይመረጥ፤ ከዚህ ወደ ኋላ አልልም።

ድሪያ ለባሿ፦ እኔም ተፈናጣጯ ራሷ ሄዳ ሳትቀመጥበት አይገዛ ከሚለው ወደ ኋላ አልልም። ለእሷም የራስ ቁር ይገዛ፣ ከነጂው እኩል። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፦ ሁለት ሆነን ስንሄድ ከሥር ካቴናው "ጭር ጭር" የሚለው ለምንድን ነው? ለብቻው ሲነዳ ድምፅ የለውም።

ዳዶ ፈቺ፦ የጠበቀ ነው። ሰው ሲቀመጥ የኋላው ጎማ ወደ ላይ ይመጣና ካቴናው ይወጠራል። ባዶውን በማዕከላዊ ማቆሚያው አቁመው የሚያጠብቁት ለዚህ አይሆንም። ሁለታችሁም ተቀመጡበት፣ ሌላ ሰው ካቴናውን መሐሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሰው፤ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መላወስ አለበት። ከዚያ ያነሰ ከሆነ የኋላውን ዳዶ ላላ አድርጎ ግራና ቀኝ ያሉትን ማስተካከያ ቡሎኖች እኩል ምልክት ላይ መመለስ ነው። እንደጠበቀ ከተነዳ የፊተኛውን ጥርስ የያዘው ኩሽኔታ ይሄዳል፤ እሱን ለመቀየር ደግሞ ሞተሩ ይፈታል።