የመኪናዬ ትራንስፈር ተቀርቅሮ ቀረ፤ የትኛውን ልግዛ? (አስቸኳይ)

ፓምፕ ሻጩ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ፣ ቶሎ መልስ የምትሰጡኝ ካላችሁ እባካችሁ። መኪናዬ ሐሙሲት ቆማለች። ጉማራ ዳር ለአንድ ገበሬ የውሃ ፓምፕ አድርሼ ስመለስ ከሥር «ቋ» አለና መሪው ደነደነብኝ። የትራንስፈሩ ማንሻ ፎር ዊል ላይ ተቀርቅሮ አልወጣ አለ። እዚህ ያገኘሁት መካኒክ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ትራንስፈሩ አልቆለታል፣ ቀይር» አለኝ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ሻጮች ጋ ደወልኩ። አንድ ሻጭ የፋብሪካው ያልሆነ ግን «ከፋብሪካው የሚበረታ» አዲስ ትራንስፈር አለኝ ይላል። 4.7 ነው አለኝ። እኔ 4.7 ምን እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ ብር ካስገባሁ ነገ ይጭንልኛል። ልግዛው? ቅዳሜ ወረታ ሌላ ደንበኛ ይጠብቀኛል።

ቀበሌ አሥራ አራት፦
«መኪናዬ» ብለህ ዝም። ታንክ ትሁን ባጃጅ በምን እንወቅ?

ፓምፕ ሻጩ፦
ይቅርታ፣ ተደናግጬ ነው። ሃይሉክስ ደብል ጋቢና፣ 93 ሞዴል፣ 2.8 ናፍጣ።

የሰባታሚት ልጅ፦
ዘይት ቀይርለት። የኔም እንዲህ ሆኖ ዘይት ስቀይር ተስተካከለ።

ጋሽ ባሌስትራ፦
ልጄ፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ። ትራንስፈር ማለት ከካምቢዮ የመጣውን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ሻፍት የሚያካፍል ሳጥን ነው። ጉልበቱን በጥርስ የሚያሻግር አለ፣ በሰንሰለት የሚያሻግር አለ። የሰንሰለቱ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሲያረጅ ግን ሰንሰለቱ ይላላና ጥርስ ይዘላል። ያንተ የጥርሱ ነው። ጠንካራ ነገር ነው፣ በቀላሉ «አልቆለታል» አይባልም።

አሁን ወደ 4.7 ልምጣ። ፎር ሎ (አራቱም ጎማ በዝግታና በጉልበት የሚዞርበትን) ስታስገባ ትራንስፈሩ ዙሩን በስንት እጥፍ እንደሚቀንስ የሚናገር ቁጥር ነው። ያንተ የፋብሪካው 2.28 ነው። ማርሽና ዲፈረንሻልም እንዲሁ ዙር ይቀንሳሉ፤ አንደኛ ማርሽህ 3.93፣ ዲፈረንሻልህ 4.88 ነው እንበልና ሦስቱን አባዛቸው። ወደ 44 ይመጣልሃል። ሞተሩ 44 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። በ2.28 ፋንታ 4.7 ካስገባህ 90 ይሆናል። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) በደቂቃ 800 ጊዜ ቢዞርና ጎማህ በአንድ ዙር 2.3 ሜትር ቢሄድ፣ በፋብሪካው በሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር፣ በአዲሱ 1.2 ገደማ ትሄዳለህ። ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ጥሎህ ያልፋል። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ሹፌሩ ራሱ ነበር ትራንስፈሩ።

ቀበሌ አሥራ አራት፦
ጋሼ፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ሰውየው ግን መንገድ ላይ ነው ያለው።

ጣና ቱርቦ፦
ሁሉንም ተወውና ከወደቀ ላንድክሩዘር ላይ አውጥተህ ግጠም። ብረት ማለት እሱ ነው። ከፈለግህ ደግሞ ሁለት ትራንስፈር ከኋላና ከፊት ይደረደራል። ቪዲዮ አይቻለሁ፣ መኪናው ግድግዳ ይወጣል።

ጥርስ ቆጣሪ፦
የላንድክሩዘሩ ከሃይሉክስ ካምቢዮ ጋር ቀጥታ አይገጥምም። መሀል የሚገባ ማገናኛ ማሠራት ሊኖርብህ ነው። ከዚያ ሻፍቶቹን ማሳጠር ወይም ማስረዘም ይመጣል። ቶርኖ ቤት ወር ትከርማለህ። ሁለት መደርደርም ይቻላል፣ ግን ለድንጋይ መውጣት እንጂ ለፓምፕ ማድረስ አይደለም።

ጠያቂው፣ ምንም ከመግዛትህ በፊት ይህን ስማኝ። የቶዮታ ትራንስፈር ከካምቢዮ የሚመጣውን ዘንግ የሚቀበልበት ጥርስ ወይ 21 ወይ 23 ነው። አራት ሲሊንደሮቹ ብዙ ጊዜ 21፣ ቪ6 እና አንዳንድ ቱርቦዎች 23። በዓይን አይለይም፣ ይቆጠራል። ሻጩን «ስንት ጥርስ ነው?» በለው። ካላወቀ ብርህን ኪስህ ውስጥ ተወው። ሻፍቱ የሚታሰርበት ፍላንጅ የቡሎኖቹ አቀማመጥ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድ መግቢያና የማንሻው ቦታም ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለባቸው። ፎቶ አስልክና አስተያይ።

ሌላም አለ። 4.7 የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የጥርስ ስብስብ ነው፤ ያለህ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሙሉ ሳጥን ነው የሚሸጥልህ ወይስ ጥርሱ ብቻ? እሱንም ጠይቅ።

የሰባታሚት ልጅ፦
መጀመሪያ ግን ዘይቱን ቢቀይር እላለሁ።

ወይዘሮ ፒክአፕ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ትራንስፈሩ መሰበሩን ማን አረጋገጠ? ጎንበስ ብሎ ያየው ሰው? እስኪ ሁለት ነገር ንገረኝ። ከጭቃው ወጥተህ አስፋልት ላይ በፎር ዊል ነድተሃል? ጎማዎችህስ ከፊትም ከኋላም እኩል ናቸው?

ፓምፕ ሻጩ፦
እውነቱን ልናገር። ጉማራ ዳር ጭቃው እስከ መርገጫው ስለነበር አስገባሁ። አስፋልት ስወጣ ደንበኛው ስልክ ይጨቀጭቀኝ ነበርና ማውጣቱን ረሳሁት። እስከ ሐሙሲት በፎር ሃይ (አራቱም ጎማ በተለመደው ፍጥነት) ነው የነዳሁት። ጎማ የኋላዎቹ ለመስቀል የገቡ አዲስ ናቸው፤ የፊቶቹ ላጭተዋል።

ወይዘሮ ፒክአፕ፦
አገኘነው።

የኛ ዓይነት ሃይሉክስ ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ሻፍት አንድ ላይ ይታሰራሉ። መታጠፊያ ላይ የፊት ጎማ ከኋላው የረዘመ መንገድ ይሄዳል። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ያራግፈዋል። አስፋልት ላይ ግን የት ይንሸራተት? ልዩነቱ ሻፍቶቹ ውስጥ እንደ ተጠማዘዘ ገመድ ይጠራቀማል። ያንተ የላጩ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ያንሳሉ፤ ስለዚህ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እንኳ ይጠመዝዘዋል። መሪው የደነደነውም፣ ማንሻው የተቀረቀረውም ከዚህ ሊሆን ይችላል። «ቋ» ያለው ጎማው ተስፈንጥሮ ሊሆን ይችላል። ወይም ጥርስ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ሳይታይ አይታወቅም።

አሁን እንዲህ አድርግ። ሜዳ ቦታ ቀጥ አድርገህ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂድና ማንሻውን ሞክር። እምቢ ካለ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፍ። አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ ከመሬት ትንሽ አንሳው። እጅህንም እግርህንም ከጎማው አርቅ፣ ምክንያቱም በድንገት ሊዞር ይችላል። ከሥሩ እንዳትገባ! ከዚያ ማንሻውን ሞክር። ሲወጣልህ የፊት ሃብ ሎኮቹን (ጎማው መሀል ያሉትን መቆለፊያዎች) በሁለቱም ጎን ወደ «ፍሪ» መልስ።

ስለ 4.7 ደግሞ እኔ የማውቀው ዋልካን ነው። ዓሣ ስጭን ዓመታት ሆነኝ። የፎገራ ዋልካ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ከጎማው ጥርስ መሀል የሚራገፈው ጎማው ሲፈጥን ነው። በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር እያዘገመ የሚዞር ጎማ ዶናት ሆኖ እዚያው ይቀራል። ለድንጋያማ ቁልቁለት ቢሆን አልከራከርም ነበር። ገንዘቡን ሁለት የፊት ጎማ ግዛበት።

ጋሽ ባሌስትራ፦
ልክ ነች። እኔም ልለው የነበረው ይህንኑ ነው።

ቀበሌ አሥራ አራት፦
😂😂 ጋሼ፣ «ሹፌሩ ራሱ ትራንስፈር ነበር» ነው ያሉት።

ፓምፕ ሻጩ፦
አሁን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ያደርኩበት ሰውዬ ባትሪ ይዞልኝ ሞከርኩ። ወደ ኋላ ስሄድ እምቢ አለ። ክሪኩን አስገብቼ የቀኝ የፊት ጎማ መሬት ለቅቆ ሳያበቃ «ጧ!» ብሎ ብቻውን ሩብ ዙር ዞረ። ሰውዬው ባትሪውን ጥሎ ሮጠ። ማንሻው በሁለት ጣት ወጣ! ወይዘሮ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሻጩ ደውዬ ይቆይ ብዬዋለሁ፤ ኩርፊያ አለው። በቱ ሃይ (በኋላ ጎማ ብቻ) ጓሮውን ዞርኩ፣ መሪው ቀለለ። ግን ከሥር ትንሽ እር… እር… የሚል ድምፅ አለ። ድሮም ነበረ እንዳልል ሰምቼው አላውቅም።

ወይዘሮ ፒክአፕ፦
ደስ ይላል። በል ጠዋት ሳትነዳ የትራንስፈሩን ዘይት ንጹሕ ሳሕን ላይ አፍስስ።

የሰባታሚት ልጅ፦
ዘይት ቀይር ብዬ ነበር እኮ።

ጥርስ ቆጣሪ፦
አንተ በአጋጣሚ ልክ ሆነሃል። ጠያቂው፣ የታፖውን (የዘይት ማፍሰሻ ክዳኑን) ጫፍ እይና ዘይቱን በጣትህ አሽተህ እየው። ግራጫ፣ እንደ ቅባት የላመ ነገር ካለ አትደንግጥ፣ ብረት በጊዜ ብዛት የሚላገው ነው። ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ወይም ጫፉ የሾለ ስባሪ ካገኘህ ግን መኪናዋን አትንዳ። ተጎትታ ብትመጣ የኋላውን ሻፍት ፈትተህ ነው፤ አለበለዚያ ጎማው ሲዞር ትራንስፈሩን ከውስጥ ያዞረዋል። ያኔ ሳጥኑ ይከፈታል። ሁልጊዜ ሙሉ ትራንስፈር መግዛት አያስፈልግም፤ ኩሽኔታ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስትመልስ የካምቢዮ ዘይት 75-90 ሙላ፣ ከመሙያው ቀዳዳ መፍሰስ ሲጀምር ይበቃል። ግራጫ ቅባት ነው ወይስ ቁራጭ? ንገረንና እንቀጥላለን።

ጣና ቱርቦ፦
ቁራጭ ከሆነ ላንድክሩዘሩን አስብበት።

ወይዘሮ ፒክአፕ፦
ዛሬ ቅዳሜ ነው። ፓምፕ ሻጩ፣ ወረታ ደረስክ? ወይስ መንገድ ላይ ነህ? ምን ተገኘ?

ቀበሌ አሥራ አራት፦
ዝም አለ። ወይ ተሠርቶለት ረስቶናል፣ ወይ ስልኩን ሽጦ ትራንስፈር ገዝቷል።

አዲስ አባል፦
ሰላም፣ ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። ባሕር ዳር ግቢዬ ውስጥ ከተገለበጠ ሃይሉክስ የወጣ የጥርስ ትራንስፈር አለኝ፣ ለጠያቂው በቅናሽ እሰጠዋለሁ።

ጥርስ ቆጣሪ፦
21 ነው 23?

አዲስ አባል፦
አልቆጠርኩትም። ዶሮ ተኝታበታለች፣ ስትነሣ እቆጥረዋለሁ።