ስኳሬ ድንበር ላይ ነው፤ አሁን ልመርመር ወይስ ልጠብቅ?

ሰላም እህቶች፣ የጤና ባለሙያም ካላችሁ እርዱኝ። አራተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ እናቴ ስኳር አለባት። በባዶ ሆዴ ስለካ 90 ሆነ፤ በእርግዝና 92 ከደረሰ የእርግዝና ስኳር ስለሚባል ለጥቂት አመለጥኩ። ግራ ያጋባኝ የሦስት ወሩን የደም ስኳር አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ነው፤ ትንሽ ከፍ ብሎ 5.8 አለ። ግን የብረት እጥረት ደም ማነስም አለብኝ፤ እሱ ደግሞ ይህን ቁጥር ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ታዲያ የቱን ልመን? አንዷ ሐኪም ግሉኮስ ተጠጥቶ የሚለካው ምርመራ ከ24 እስከ 28 ሳምንት ስለሚሠራ ጠብቂ አለችኝ፤ ሌላው አሁኑኑ ይላል። አማቴ ደግሞ ስኳር የበዛበት አጥሚት ይዘው «ለሁለት ነው የምትበዪው» ይሉኛል፤ እሳቸውን እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል! እንዲህ ድንበር ላይ የነበራችሁ፣ ቀድማችሁ ተመረመራችሁ? ብረቱ ሲስተካከልስ ቁጥሩ ወረደላችሁ?