ክርክር፦ አትሌት ማስረጃ ሳይኖራት ጥርጣሬዋን በአደባባይ መናገር ይገባታል? የሊሳ ዶብሪስኪ ጉዳይ

የጥያቄው አቅራቢ፦
እንግሊዛዊቷ የ1500 ሜትር ሯጭ ሊሳ ዶብሪስኪ በ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ፍጻሜ 10ኛ ሆና እንደጨረሰች፣ ላቧ ሳይደርቅ ለቢቢሲ በሰጠችው ቃል፣ ውድድሩ በእኩል ሜዳ ላይ የሚካሄድ ነው ብላ እንደማታምን ተናገረች። ወርቁንና ብሩን የወሰዱት ቱርካውያኑ አስሊ ቻኪር አልፕቴኪንና ጋምዜ ቡሉት ነበሩ። በኋላ ሁለቱም በአበረታች ቅመም ምክንያት ውጤታቸው ስለተሰረዘ፣ ዛሬ ላይ ሆኖ ልክ ነበረች ማለት ቀላል ነው። እኔ ለክርክር የማቀርበው ግን በዚያ ምሽት፣ በእጇ ምንም ማስረጃ ሳይኖር፣ መናገር ነበረባት ወይ የሚለውን ነው።

የሕግ ባለሙያ፦
አልነበረባትም ባይ ነኝ። ውድድሩ በ4:10.23 የተጠናቀቀ ዝግ ያለ ሩጫ ሲሆን፣ የዶብሪስኪ የራሷ ምርጥ ሰዓት በ2009 ዙሪክ ላይ ያስመዘገበችው 3:59.50 ነው። ስለዚህ የአሸናፊዎቹ ሰዓት ብቻውን የሚያስጠረጥር አልነበረም። ከዚህም በላይ እንዲህ ያለ ጥቅል ንግግር የሚያርፈው ጥፋተኞቹ ላይ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያን መለያ ለብሳ 5ኛ የወጣችው አበባ አረጋዊም ከዶብሪስኪ ፊት ከገቡት አንዷ ናትና ጥርጣሬው እርሷንም ይነካል። አበባ ለስዊድን መሮጥ ከጀመረች በኋላ፣ በ2016 ሜልዶኒየም በተባለ የተከለከለ መድኃኒት ምክንያት በጊዜያዊነት ታግዳ እገዳው በዚያው ዓመት ተነሥቶላታል፤ ሆኖም መታገዷን የሚያስታውስ ሁሉ መነሣቱን ያስታውሳል ብዬ አላምንም። የሰው ስም እንዲህ በቀላሉ የሚጎድፍ ከሆነ፣ ጥርጣሬን ለሚመለከተው አካል በምሥጢር ማቅረብ ይሻል ነበር።

የመካከለኛ ርቀት አሰልጣኝ፦
በአበባ ጉዳይ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ፤ በሰዓቱ ጉዳይ ግን አልስማማም። በኦሊምፒክ ፍጻሜ አሯሯጭ ስለሌለ ሁሉም እየተጠባበቀ ይሮጥና ነገሩ የሚለየው ደወሉ ከተደወለ በኋላ ባለው 400 ሜትር ነው። ቅመም የወሰደች ሯጭ ጥቅሙን የምታገኘው እዚያች ዙር ላይ፣ ሌሎቹ እግራቸው ሲከብድ እርሷ ፍጥነት መጨመር ስትችል ነውና፣ 4:10 የሚለው ሰዓት የንጽሕና ምስክር ሊሆን አይችልም። ደግሞም ጥርጣሬው ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። ቻኪር በ2004 በወጣትነቷ ተይዛ የሁለት ዓመት ቅጣት የፈጸመች አትሌት ነበረች። 4ኛ የወጣችው ሩሲያዊቷ ታትያና ቶማሾቫም የሽንት ናሙና በማቀያየር ተቀጥታ የተመለሰች ናት። ይህን በውድድሩ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ድፍረት አግኝታ በአደባባይ የተናገረችው ግን ዶብሪስኪ ናት።

የሩጫ ተከታታይ፦
እኔ ደግሞ የ2009ኙን የበርሊን የዓለም ሻምፒዮና ላስታውሳችሁ። ገለቴ ቡርቃ እየመራች ሳለ፣ 200 ሜትር ገደማ ሲቀር ስፔናዊቷ ናታሊያ ሮድሪጌዝ በውስጥ በኩል ለማለፍ ስትገፋ ገለቴ መሬት ላይ ወደቀች። ሮድሪጌዝ አንደኛ ሆና ብትገባም ዳኞች ሰረዟት፤ በትውልድ ኢትዮጵያዊት የሆነችው የባህሬኗ ማርያም ዩሱፍ ጀማል በ4:03.74 ወርቁን፣ ዶብሪስኪ በ4:03.75 ብሩን አገኙ። የገለቴን ሜዳሊያ የመለሰላት ባይኖርም፣ ጥፋቱ በሁሉም ዓይን ፊት የተፈጸመ ስለነበር ቢያንስ ፍርዱ አልዘገየም። የለንደኑ ፍርድ ግን ለቻኪር በ2015፣ ለቡሉት በ2017፣ ለቶማሾቫ በ2024 ነው የመጣው። ጥፋቱ በማይታይበትና ዳኛው 12 ዓመት በሚዘገይበት ውድድር፣ ሯጯ ዝም ትበል ማለት ለእኔ ከባድ ነው።

የሕግ ባለሙያ፦
መዘግየቱ ያሳዝነኛል። ነገር ግን ቻኪርን ያጋለጣት የዶብሪስኪ ንግግር ሳይሆን የደሟ መረጃ ለዓመታት የተመዘገበበት ባዮሎጂካል ፓስፖርት ነው። ንግግሩ ፍርዱን አንድ ቀን እንኳ ካላፋጠነው፣ ትርፉ የተሸናፊ ቅሬታ መምሰል ብቻ ይሆናል።

የመካከለኛ ርቀት አሰልጣኝ፦
የተሸናፊ ቅሬታ የሚለውን አልቀበልም፤ ውጤቱን ራሱን እንመልከት። ከዚያ ፍጻሜ የአምስት ሯጮች ውጤት ተሰርዟል፤ ማርያም ወደ ወርቅ፣ አበባ ወደ ብር፣ አሜሪካዊቷ ሻነን ሮውበሪ ወደ ነሐስ ከፍ ብለዋል። ዶብሪስኪ ግን ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ 5ኛ ናት። በዚያ ምሽት ስትናገር አሥረኛ እንደወጣች፣ ከፊቷም ብዙ ሰው እንዳለ ታውቃለች፤ ከፊት ያሉት ሁለቱ ቢሰረዙ እንኳ ለእርሷ የሚደርስ ሜዳሊያ አልነበረም። የተናገረችው ሦስተኛ ሆና ቢሆን ኖሮ ክስዎን ባጤንኩት ነበር።