የተማሪ ድራማ መግቢያ፣ 45 ሰከንድ፦ ምን ላስገባ፣ ምን ልተው?

ሰብሊ_ካሜራ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ፊልም እየተማርኩ ነው። የመመረቂያ ሥራችን የአንድ ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ነው፣ ለእኔ የደረሰኝ መግቢያው ነው፣ ያው የተዋንያንና የባለሙያ ስም የሚወጣበት። ታሪኩ አባታቸው ሲሞት ኮተቤ ያለውን ቤት መካፈል ያቃታቸው ሦስት ልጆች ናቸው። የተሰጠኝ 45 ሰከንድ ነው።

የሠራሁት እንዲህ ነው። ከአንድ ጓደኛችን ያገኘነው በድሮን የተነሳ ከተማ፣ ከዚያ ባቡሩ፣ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ተዋናይ ቀስ ብሎ ዞሮ ካሜራውን ያያል፣ ስሙ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ሦስቱ ጀርባ ለጀርባ ቆመው ርዕሱ ይመጣል። ሙዚቃው ለጊዜው ከውጭ ፊልም የተወሰደ ነው። ክፍል ውስጥ ሲታይ ልጆቹ አጨበጨቡ፣ አስተማሪያችን ግን «ያምራል፣ ግን የየትኛውም ድራማ ሊሆን ይችላል» አለና ወደ ሌላ ቡድን አለፈ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ከየት እንደምጀምር ነው ግራ የገባኝ።

ደግሞ ቤት ውስጥ የተቀረጸው ላይ ብርሃኑ ይርገበገባል፣ ጥቁር መስመር ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። በስልክ ነው የቀረጽነው። ይሄስ መፍትሔ አለው?

ኤዲተሩ_ዘ6ኪሎ፦

እህቴ፣ አስተማሪሽ እውነቱን ነው። ዞሮ ካሜራ ማየት የኛ ድራማ ሁሉ በሽታ ሆኗል፣ ዶክተሩም ይዞራል፣ ደላላውም ይዞራል፣ ቤት ሠራተኛዋም ዞራ ፈገግ ትላለች። የድሮኑን ምስል ግማሽ አድርገሽ ቁረጪው አልልሽም፣ ሙሉ በሙሉ አውጪው። አንደኛ ጓደኛሽ ያነሳው በፈቃድ ይሁን አይሁን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ሁለተኛ ያንቺ ታሪክ ከተማ አይደለም፣ አንድ ቤት ነው።

ታሪኩን ስትነግሪን «ቤት መካፈል ያቃታቸው» አልሽ። በቃ፣ መግቢያሽ እሱ ነው። እኔ ብሆን ከግቢው አልወጣም ነበር። የሟቹ ኮፍያ አሁንም ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣ የአንዱ ክፍል በር አዲስ ቁልፍ ተበጅቶለታል፣ ግቢው መሃል ገመድ ተወጥሮ አንድ ሰው በሜትር ይለካል፣ የይዞታ ካርታው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሦስት እጅ ከሦስት በኩል ይዞታል። የማንም ፊት አይታይም። ፊታቸውንማ ድራማው ውስጥ ጠግበን እናየዋለን።

ስለ ጊዜው ደግሞ ሒሳብ ሥሪ። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ነጠላ ምስል፣ ካልሽ 45 ሰከንድ 1125 ፍሬም ነው፣ ብዙ ይመስላል ግን አይደለም። ለርዕሱ 5 ሰከንድ ስትተዪ 40 ይቀርሻል። 15 ስም ልታስገቢ ብትዪ ለአንዱ ሦስት ሰከንድ እንኳ አይደርሰውም። ስለዚህ ዋና ተዋንያን፣ ደራሲ፣ ዳይሬክተር፣ ፕሮዲዩሰር፣ የቀረው መጨረሻ ላይ ይውጣ። መብራት የያዘው ልጅ እንዳይቀየምሽ ቀድመሽ ንገሪው :)

የሚርገበገበው ነገር ቀላል ምክንያት አለው። የኛ መብራት ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ እንደ ፍሎረሰንት ያለው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፣ ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራ ያየዋል። ስልክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካልነካሽው በ30 ፍሬም ነው የሚቀርጸው። 25 ፍሬም ላይ አድርጊው፣ ሹተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ላይ ቆልፊው። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ፣ ካሜራ፣ ሪኮርድ ቪዲዮ ውስጥ ፓል ፎርማት አሳይ የሚል አለ፣ እሱን ስታበሪው 25 ይመጣልሻል። ሹተሩን ለመቆለፍ ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለውን ነፃ አፕ ጫኚ። የተበላሸውን በሶፍትዌር ለማዳን አትድከሚ፣ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ድጋሚ ቅረጪው።

የሳሎን_ተመልካች፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ተመልካች ነኝ። እናቴ ድራማ ሲጀምር መግቢያው ላይ ቡና ለመቅዳት ትነሳለች፣ ሙዚቃው ሊያልቅ ሲል ትመለሳለች፣ እንዴት እንደምታውቀው ፈጣሪ ይወቅ። ኔትፍሊክስ እንኳ በ2017 እ.ኤ.አ. መግቢያውን ዝለል የሚል ቁልፍ አስገብቶ ገላገለን፣ ቴሌቪዥን ላይ ግን የት ይዘለላል። 45 ሰከንድ በዝቷል፣ 25 በቂ ነው ባይ ነኝ።

ማሲንቆ_በሌሊት፦

@የሳሎን_ተመልካች እናትህ ከሌላ ክፍል ሆነው የሚመለሱት እኮ ሙዚቃውን ሰምተው ነው! መግቢያ ሌላ ክፍል ላለው ሰው ጭምር ነው የሚሠራው፣ «ተጀመረ» ብሎ የሚጠራ ነገር ነው። ስለዚህ ሰብሊ፣ ሙዚቃውን መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ነገር አታድርጊው። መጀመሪያ ዜማውን አሠሪ፣ ከዚያ ምስሉን በላዩ ቁረጪ።

የውጭውን ፊልም ሙዚቃ ዛሬውኑ አውጪው። ዩቲዩብ ላይ ስትጭኚው ይያዝብሻል፣ እኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ የደራሲው መብት እሱ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። «የሕዝብ ዜማ ነው» ብለሽ የአንድን ድምፃዊ ቅጂ ቆርጠሽ መውሰድም አይቻልም፣ ዜማው የሕዝብ ቢሆን ቅጂው ባለቤት አለው። ከያሬድ ትምህርት ቤት ተማሪ ፈልጊ፣ እነሱም የሚያሳዩት ሥራ ይፈልጋሉ።

ቅኝቱ ላይ አንድ ነገር ልለምንሽ፣ በዋሽንት ትዝታ አይሁን። ለቅሶ በታየ ቁጥር ዋሽንትና ትዝታ፣ ሰለቸን። አንቺሆዬን ሞክሪው። ሰው ከሠርግ ጋር ነው የሚያያይዘው፣ ግን በአንድ ማሲንቆ ቀስ ብሎ ሲጫወት ያልተቋጨ ነገር ያለበት ይመስላል። ለወንድማማች ጠብ ሠርግ ሠርግ የሚል ዜማ ተጣሞ ሲመጣ ደስ አይልም?

ፍጥነቱንም በፍሬም አስቢው። በደቂቃ 120 ምት ካልሽ አንዱ ምት 12 ተኩል ፍሬም ላይ ያርፋል፣ ግማሽ ፍሬም መቁረጥ ደግሞ የለም። 125 ከሆነ 12 ፍሬም ልክ ይመጣል፣ 100 ከሆነ 15። ማሲንቆው ነፃ ሆኖ የሚጫወት ከሆነ ይሄን እርሺው፣ በጆሮሽ ቁረጪ።

ፊደል_ቆጣሪዋ፦

ስለ ፊደሉ ማንም አላነሳም? ሰው የሚያበላሸው እዚያ ነው። የእንግሊዝኛ ታይትል ማስተማሪያ ያዩና ፊደሉ ይበተናል፣ ያበራል፣ ጭስ ይሆናል። የኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው በትንሿ ቅጥያ ነው። «ሉ»ና «ሊ»ን፣ «ሙ»ና «ሚ»ን የሚለየው ምንድነው? ብርሃንና ጭጋግ ስትጨምሪበት ያቺ ቅጥያ ትዋጣለች፣ የተዋናዩ ስም ሌላ ሰው ይሆናል። ዝም ብሎ ብቅ ብሎ ዝም ብሎ የሚጠፋ ስም ምን ጎደለው?

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ነፃ ነው፣ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ውፍረት አለው። ኒያላ ወረቀት ላይ ያምራል፣ ቲቪ ላይ ግን ቀጫጭን መስመሮቹ ይጠፋሉ። ጽሑፉን ከየጠርዙ ቢያንስ 5 በመቶ አስገቢው፣ ለ1920 በ1080 ከጎን 96 ከላይና ከታች 54 ፒክስል ማለት ነው። እኔ ከታች የበለጠ እተው ነበር፣ ምክንያቱም ጣቢያው ሎጎውን፣ ተንሸራታች ማስታወቂያውን፣ አንዳንዴም የዘይት ዋጋ ይጭንበታል።

እና ስም ከመጻፍሽ በፊት እያንዳንዱን ሰው ጠይቂ። ኃይሉ ነው ሃይሉ? ፀሐይ ነው ጸሀይ? ሰው በስሙ ቀልድ አያውቅም።

ሰብሊ_ካሜራ፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! የካርታውንና የእጆቹን ነገር ለቡድኑ ነገርኳቸው፣ ሁለቱ ወደዱት፣ ዋናው ተዋናይ ግን «ፊቴ ካልታየ ለምን መጣሁ» እያለ ነው። ዜማውን የሚሠራልን አንድ የክራር ተማሪ አግኝተናል፣ ማሲንቆ የሚጫወት ጓደኛ አለኝ ብሏል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ የካርታው ቀረጻ ላይ የአጎቴን እውነተኛ ካርታ ልጠቀም ወይስ ላሠራ?

ኤዲተሩ_ዘ6ኪሎ፦

የአጎትሽን አትንኪ፣ ስሙና የቦታው ቁጥር ይታያል። ራሳችሁ ሥሩት፣ ግን የእውነተኛ መሥሪያ ቤት ማህተም አስመስላችሁ እንዳታስቀርጹ፣ ያ ሌላ ጣጣ ነው። ክብ ነገር ይሁን፣ በእጅ ይሸፈን፣ ሰው ራሱ ማህተም ነው ብሎ ይሞላዋል። ተዋናዩን ደግሞ ካርታውን በጣም አጥብቆ የሚይዘው እጅ ያንተ ነው በሉት።