«መርዙ ከደሙ ጋር ይወጣል»?

የደጀን ልጅ፦ ትናንት በሰፈር ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነስተው «እባብ የነደፈውን በምላጭ ብጡት፣ መርዙ ከደሙ ጋር ይወጣል» አሉ። ተጨበጨበላቸውም! ዓባይ በረሃ ለእርሻ የሚወርዱ ወንድሞች አሉን። ይሄ ምክር ሰው ይጨርሳል። የጤና ባለሙያዎች፣ ምነው ዝም አላችሁ?

የቡሬው ገበሬ፦ ልጄ፣ ሰውየው አባቶቻችን ያደረጉትን ነው የተናገሩት። ስንቱ ተበጥቶ ድኗል። ፈረንጅ የእባብ መርዝ ለደም ግፊት ሲሸጥ እልል፣ የኛ ሲሆን ነውር?

ነርሷ ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ የዳነው ስለተበጣ አይደለም። መርዝ የሌለው እባብ ብዙ ነው። መርዛሙም ቢሆን ነክሶ መርዙን የማይለቅበት ጊዜ አለ። እፉኝት ሲሆን ግን ሌላ ነው። የአንዳንዱ መርዝ ደሙን በየቦታው በትንሽ በትንሹ እያረጋ ፋይብሪኖጅን የሚባለውን ማርጊያ ይጨርሰዋል። ከዚያ ደም የሚያቆም ነገር አይኖርም። ድድ ይደማል፣ ሽንት ይቀላል። እኛ ትንሽ ደም በንጹሕ፣ ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ቀድተን 20 ደቂቃ ሳንነካው እናስቀምጣለን። ከዚያ ዘንበል እናደርገዋለን። እንደ ውሃ ከፈሰሰ ደሙ መርጋት አቅቶታል። ይሄን ሰው ነው በምላጭ የምትበጡት?

የቡሬው ገበሬ፦ ደሙ ከፈሰሰ መርዙም አብሮ ይወጣላ!

የደጀን ልጅ፦ የሚወጣው ደሙ ነው ጋሼ! መርዙማ ሰውነቱን አዳርሷል። «ይወጣል» የሚሉት የቱ ነው?

የማርቆስ ፋርማሲስት፦ የደም ግፊቱን ነገር እኔ ልመልስ። ካፕቶፕሪል የሚባለው የደም ግፊት ክኒን መነሻው የብራዚል እፉኝት መርዝ ላይ የተደረገ ጥናት ነው። አሜሪካ በ1981 እ.ኤ.አ. ፈቀደችው። ክኒኑ ውስጥ ግን የመርዝ ጠብታ የለም። መርዙ ውስጥ ያለ አንድ ንጥረ ነገር እንዴት እንደሚሠራ አይተው፣ ያንን የሚያደርግ ሌላ ነገር በላቦራቶሪ ሠሩ። ይሄ ከምላጭ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሰሊጥ አጫጁ፦ ሁላችሁም ልክ ናችሁ እንበል። መተማ ላይ ጓደኛዬ ተነድፎ ጤና ጣቢያ ተሸክመን ብናደርሰው «ማርከሻ የለም» ተባልን። «አትብጡ» ማለት ቀላል ነው። የት እንሂድ?

ነርሷ ከፍኖተ ሰላም፦ ወንድሜ፣ እኔንም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ማርከሻ ተገኘ ተብሎም አያበቃም፤ ለሕንድ እባብ የተሠራው የኛን እፉኝት መርዝ አያረክስም። ለአፍሪካ የሚሆነውን ፋቭ አፍሪክን ፋብሪካው በ2014 እ.ኤ.አ. ማምረት አቆመ። እንጩህ ካላችሁ ለዚህ እንጩህ! ለአፍሪካ እባብ የሚሠራ ማርከሻ በየቆላው ጤና ጣቢያ ይግባ።

የቡሬው ገበሬ፦ እስኪገባ ድረስ እኔ ምላጬን አልጥልም።

የደጀን ልጅ፦ ጋሼ፣ በልጅዎ ላይ ያደርጉታል?

የቡሬው ገበሬ፦ ልጄን አታንሳ። በገመድ ማሰሩስ? እሱንም ተዉ ልትሉን ነው?

ነርሷ ከፍኖተ ሰላም፦ አዎ ጋሼ፣ እሱንም። አጥብቀው ያሰሩት እግር ደም አጥቶ ይበሰብሳል። እግሩ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፈው፣ አስተኝተው፣ በቃሬዛ ያምጡልን።

ሰሊጥ አጫጁ፦ በቃሬዛ ስንት ሰዓት? መንገዱን አይተሽዋል?